ድምፅ የማያወጣ መጫወቻ

ታላቅ እህቴ ድምፅ ትፈራለች። ነጎድጓድ ወይም ጥይት አላልኩም፤ እሱንማ ማን ይወዳል። እሷ የምትፈራው የማንኪያ ድምፅ ነው። ወንበር ሲጎተት፣ በር ሲንኳኳ፣ የጎረቤት ልጅ ደረጃ ላይ ኳስ ሲያነጥር፣ ሰው ሲያስነጥሰው። በተለይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ድረስ እሷ ቤት የገባ ሰው ትንፋሹን ቆጥቦ ነው የሚተነፍሰው። እኔ ደግሞ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ በማድረቂያ ጩኸትና በደንበኞች ወሬ መሃል የምውል ሰው ስለሆንኩ፣ ሰኞ ሰኞ በዕረፍት ቀኔ እሷ ጋ ስሄድ ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ጆሮዬ የተደፈነ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምለው ሰው፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት ቆራጭ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ። ታትሞ የወጣውን ወረቀት ይከምርና ዳር ዳሩን አስተካክሎ ከምላጩ ሥር ይገፋዋል። ምላጩ ከአንድ ክንድ በላይ ይረዝማል፤ ሲወርድ አምስት መቶ ወረቀት እንደ ቅቤ ይቆርጣል። እንዲወርድ ደግሞ በሁለት እጅ ሁለት ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። ማሽኑን የሠራው ሰው እንደዚያ ያደረገው ሁለቱም እጆች ከምላጩ እንዲርቁ ብሎ ነው። ነገር ግን ሥራ ሲደራረብ ቆራጮቹ አንደኛውን ቁልፍ በተጠቀለለ ካርቶን ወትፈው ይተዉታል። ያኔ አንድ እጅ ቁልፍ ይጫናል፣ ሌላው ወረቀት ያስተካክላል፣ ሥራውም ይፈጥናል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የፈረቃው ኃላፊም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ የጋሼ ባልደረባ ቀኑን ሙሉ ቤቱን ቀለም ሲቀባ ዋለና ሳይተኛ ፈረቃ ገባ። ዓይኑ ለአፍታ ከደን አለበት። ሁለት ጣቱን ማሽኑ ወሰደው። ሰውዬው አሁን እዚያው ማተሚያ ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀምጧል። እህቴ አንድ ቀን ባሏ የረሳውን መነጽር ልታደርስ ሄዳ ለዚህ ዘበኛ ስትሰጠው በግራ እጁ ተቀበላት፤ ቀኙን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ነበር። ቤቷ ተመልሳ ምሳ አልበላችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷም የባሏ እንቅልፍ ዘበኛ ሆነች።

እኔ በዚህ ብዙ ቀልጄባታለሁ። «ሌላዋ ሴት ባሌ የት አመሸ ብላ ትጨነቃለች፣ አንቺ ባሌ ስንት ሰዓት ተኛ ብለሽ» እላታለሁ። ፈገግ እንኳ አትልም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርግና ወደ መጋረጃው ትጠቁመኛለች። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ ጥጉ ላይ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ፣ አልጋውን ከቀረው ክፍል የሚለየው ያ መጋረጃ ብቻ ነው። ጋሼ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ የሚተኛው ከሦስት ልጆች አራት እርምጃ ርቆ ነው ማለት ነው።

ልጆቹን ላስተዋውቅ። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ ግንባሩን ቋጥሮ ስለሚያይ ሽማግሌው እንለዋለን። መካከለኛዋ አምስት ዓመቷ ነው። ስም አላት፣ ግን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት ጥያቄ በሚል ነው። አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ መጥታ፣ ጨረቃ ስትሄድ ለምን ኮቴዋ አይሰማም ብላ ደንበኞቼ ፊት አፋጥጣኛለች፤ እስከ ዛሬም መልስ አላገኘሁላትም። የመጨረሻዋ ሚጢጢ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል። እሷ ገና ሕግ አይገባትም፤ የሁለቱን አፍ እያየች ሲዘጉ ትዘጋለች፣ ሲከፍቱ ትከፍታለች።

ትምህርት ቤት ሲዘጋና ዝናቡ ሲበረታ እነዚህን ሦስት ፍጥረታት በአንድ ክፍል ውስጥ ለስድስት ሰዓት ዝም ማሰኘት ይቻላል ብትሉኝ እስቅ ነበር። እህቴ ግን ቻለችበት። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኃላፊው አስፈቅዶ የወረቀት ቁርጥራጭ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ያመጣል፤ ከመጽሐፍ ዳር የተከረከመ እንደ ሪባን የረዘመ ነጭ፣ ከመጽሔት ሽፋን የተረፈ ቀይና ሰማያዊ፣ ወፍራም ካርቶን። ሙጫውን እህቴ ራሷ ከዱቄትና ከውሃ ታፈላዋለች፤ እንዳይሻግት ትንሽ ጨው ጣል ታደርግበታለች። ለልጆቿ መጫወቻ ብላ ሱቅ ገብታ አታውቅም።

የምትመርጠው ሥራ ሁሉ አንድ ፈተና ማለፍ ነበረበት፦ ድምፅ ያወጣል ወይስ አያወጣም? መቀስ ቀጭ ቀጭ ስለሚል ተከለከለ። በመቀስ ፋንታ ወረቀቱን አጥፈው መስመሩን በጥፍር ይጫኑታል፣ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ያስኬዱበትና ቀስ ብለው ሲስቡት ያለ ኮሽታ ለሁለት ይለያል። ረዣዥሙን ቁርጥራጭ በክብሪት እንጨት ላይ ጠቅልለው ጫፉን ሙጫ ያስነኩትና ሲደርቅ እንጨቱን ይስቡታል፤ ቆንጆ ዶቃ ይሆናል። ነጩንና ሰማያዊውን እያጠላለፉ ለአሻንጉሊት ምንጣፍ ይሠራሉ። ከካርቶን መኪና ሲሠሩ ጎማው እንዳይንኳኳ ሱፍ ያለብሱታል። ቆርኪ፣ ጣሳ፣ ደረቅ በቆሎ፣ ፊኛ፣ ሌላ ቤት ልጅ የሚጫወትበት ሁሉ ከዚያ ቤት ተባሯል። አንድ እግሩ የጠፋበት ካልሲ ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ ዓይን ተተክሎለት፣ ክር ፀጉር ተሰፍቶለት ሰው ይሆናል። የካልሲዎቹን ፀጉር የምጎነጉነው እኔ ነበርኩ። እንደነሱ ያላማረረ ደንበኛ በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም።

ንግግርም ሕግ ነበረው። ሙጫ የፈለገ፣ ውሃ የጠማው፣ ሽንት የመጣበት፣ ወንድሙ የቀማው፣ ሁሉም ቀኝ እጁን አውጥቶ ትልቅ ሰው እስኪያየው ይጠብቃል። ያየው ሰው መዳፉን ካሳየው ቆይ ማለት ነው። ስምንት ሰዓት ሲሞላ ጋሼ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ይወጣል፤ ልጆቹ የሠሩት ሁሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጋ ክር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። ረጅም ስለሆነ ጎንበስ ብሎ እየዞረ፣ ይሄ የማነው፣ ይሄን ማን ሠራው እያለ አንድ በአንድ ያያል። ያኔ ቤቱ ይፈነዳል። በተለይ ጥያቄ ስድስት ሰዓት ሙሉ አምቃ የያዘችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ትለቅበታለች። እውነቱን ለመናገር፣ ሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር። ደስ ያላለኝ የእህቴ ነገር ነው። ቆማ ነበር የምትበላው፤ ጆሮዋ ሁልጊዜ ወደ ደረጃው፣ ዓይኗ ወደ መጋረጃው፣ ከስታ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልረጋ ብሎ ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ እሱን ዘልዬ ብሄድ የቀረው ወሬ ውሸት ይሆናል።

አንድ ሰኞ እህቴ ዝናብ ሳይመጣ ልብስ ልታስገባ ወደ ሰገነት ወጣች። እኔ ከልጆቹ ጋር ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ወለል ላይ ተቀምጬአለሁ። ጥያቄ በሹክሹክታ ጀመረችኝ። ለምንድን ነው ዝም የምንለው? አባዬ ደክሞት ነው አልኳት፤ እናቷ የምትነግራቸው ይህንኑ ነው። ለምን ደከመው? ሌሊት ሲሠራ አድሮ። ቢነቃስ? ይደክመዋል። ከዚያስ? ሹክሹክታው እያደገ ሄደ፤ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ደሜ ፈላ። እኔ እንደ እህቴ ትዕግሥት የለኝም። ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ፣ «አባዬ ካልተኛ ማሽኑ ጣቱን ይቆርጠዋል። ገባሽ?» አልኳት።

ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ የራሷን ጣቶች አየች። ሌላ ጥያቄ አልመጣም። እሰይ ተገላገልኩ ብዬ ወደ ካልሲዬ ተመለስኩ፤ እህቴ ስትመጣም አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ተለወጠች። የሚጢጢን አፍ በመዳፏ የምትይዘው እሷ ሆነች። ስትራመድ በእግሯ ጣት ሆነ። ሽማግሌው አንዴ ቢያስለው ዞራ የምታየው አስተያየት ትልቅ ሰው ያስደነግጣል። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ እንኳ ጥያቄዋ ቀነሰ፤ አባቷ እየዞረ ሥራቸውን ሲያይ እሷ የምታየው እጁን ነበር። እህቴ ልጄ አደገችልኝ ብላ ደስ አላት። እኔ ምክንያቱን እያወቅኩ ዝም አልኩ። የፀጉር ቤቱ ሥራ አለ፣ ሰኞ እስኪመጣ እረሳዋለሁ።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ ማተሚያ ቤቱ ከባድ ሥራ ያዘ። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ማለቅ ያለበት የመማሪያ መጽሐፍ ነበር። ጋሼ ሁለት ሰዓት ላይ መተኛቱ ቀርቶ አራት ሰዓት ላይ መግባት ጀመረ፤ ለሌሊቱ ፈረቃ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል። ያን ሰኞ ስደርስ ገና መተኛቱ ነበር። እህቴ ምንም ሳትናገር ወደ ቧንቧው ወሰደችኝና ልታጥበው የዘፈዘፈችውን ቱታውን አወጣች። የቀኝ እጅጌው ጫፍ የለም። ሚስማር ይዞብኝ ነው ብሏታል። ሚስማር የቀደደው ጨርቅ ክሩ ይንጨባረራል፤ ያ ግን በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው። የቆራጭ ሚስት ናት፣ የምላጭ መስመር አትስትም። ከእጅጌው ጫፍ እስከ እጅ አንጓ ስንት እንደሚሆን በጣቷ ለክታ አሳየችኝ። ሁለት ጣት የማይሞላ ነበር።

ቱታውን መልሳ ዘፈዘፈችና ሙጫ ማፍላት ጀመረች። የዚያን ቀን ሥራ የወረቀት ሳህን ነው፤ በጎድጓዳ ሳህን ጀርባ ላይ ሙጫ የጠጣ ወረቀት ደራርበው ይለጥፋሉ፣ ሲደርቅ ሳህኑን ያወጡና የወረቀቱ ይቀራል። ብዙ ሙጫ ይፈልጋል፤ ድስት ሙሉ አፍልታ ነበር። ገና እየተንፈቀፈቀ ከምድጃው አንስታ ልታበርደው ስትል ቀጥ ብላ ቆመች። ደረጃው ላይ ኮቴ ሰምታለች። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው። ያ ሰውዬ በር የሚያንኳኳው በመዳፉ ነው፤ ሙት ይቀሰቅሳል። ድስቱን አጠገቧ ካለው አጭር በርጩማ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሳያንኳኳ ልትደርስበት በእግሯ ጣት ወደ በሩ ሮጠች።

እኔ ሚጢጢን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባሁ ነበር። የሆነውን አላየሁም፤ ሽማግሌው ነው በኋላ የነገረን። ድስቱ በርጩማው ጫፍ ላይ ነበር የተቀመጠው፤ ተንሸራተተ። ከሥሩ ሲሚንቶ ነው። ቢወድቅ ሕንፃው ሁሉ ይሰማዋል። ጥያቄ አጠገቡ ነበረች። እንደሷ ያለ ሌላ ልጅ ወደ ኋላ ይሸሻል። እሷ እጇን ዘርግታ ያዘችው።

ያዘችውና ቀስ አድርጋ፣ ምንም ድምፅ ሳይሰማ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ሙጫው ግራ እጇ ላይ እስከ ክንዷ ድረስ ፈስሷል። የዱቄት ሙጫ እንደ ውሃ ተንሸራቶ አይወርድም፤ የያዘውን ይዞ ነው የሚያቃጥለው። ከዚያ ቀኝ እጇን አወጣች።

ቀና ስል ያየሁት የተነሳውን ቀኝ እጇን ብቻ ነው። ይህን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። ክሩ ገና አልገባልኝም ነበር። መዳፌን አሳየኋት፤ ቆይ ማለቴ ነው። እሷም ቆየች። ክሩን ምራቄን አስነክቼ እንደገና ሞከርኩ፣ ሳተኝ፣ እንደገና ሞከርኩ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ አንድም ይሁን ግማሽ፣ ለኔ ዓመት ነው። ሽማግሌው እጅጌዬን ሳበኝ። ተቆጥቼ ዞርኩ። በጣቱ አሳየኝ።

ከንፈሯን ነክሳ ከንፈሯ ደምቷል። እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። ቀኝ እጇ አሁንም እንደተነሳ ነው።

ክው አልኩ። ሚጢጢን ከጭኔ ጣልኳትና ጥያቄን አንስቼ ወደ ቧንቧው ወሰድኳት። እህቴ ቆጣሪ አንባቢውን ሸኝታ ዞር ስትል አየችን። የዚያ ቤት ቧንቧ የሚከፈተው ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ እንዲወርድ ብቻ ነው፣ ባልዲው ላይ እንዳይንጫጫ። እህቴ በልማዷ ያንኑ ያህል ከፈተችው። ከዚያ የልጅቷን እጅ አየች፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው አዞረችው። ውሃው በሙሉ ኃይሉ ሲወርድ በዚያ ቤት በቀን ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ነበር። ሙጫው እየታጠበ ሲሄድ ሥሩ ያለው ቆዳ ቀላ፣ ከዚያ አበጠ።

«አልቅሺ የኔ ልጅ» አለቻት። «አልቅሺ፣ ምንም አይደለም፣ ጩኺ።»

ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች። ወደ መጋረጃው አየች። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «አባዬ ካልተኛ ማሽኑ ጣቱን ይቆርጠዋል» አለቻት።

የራሴው ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልጎደለም። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀና ስል ጋሼ መጋረጃውን ይዞ ቆሟል፤ ውሃው ቀስቅሶት ነበር፣ ሰምቷታል። እህቴም አየችው። እህቴ ደግሞ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? በልጇ እጅ ላይ ውሃ እያፈሰሰች፣ «አንተ ተመለስና ተኛ፣ እኛ እንወስዳታለን» አለችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የያዛት ፍርሃት ነው የተናገረው፤ እሷማ የምትለውንም የሰማች አልመሰለኝም።  ጋሼ ጫማ ሳያደርግ መጥቶ ልጅቷን ከእጃችን ተቀበለ።

ሁለቱን ልጆች ታች ፎቅ ለሚኖሩት ጎረቤት ሰጥተን በዝናብ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ነርሷ ወጣት ናት፣ ጥሩ እጅ አላት። ቁስሉን ስታጸዳ ልጅቷ የአባቷን ሸሚዝ ጨብጣ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች፤ ትንፋሿ ብቻ ነው የሚሰማው። ነርሷ ተገርማ፣ እንዲህ ያለች ጎበዝ ልጅ አይቼ አላውቅም፣ ትልልቁ ሰው እንኳ ይጮኻል አለች። የእህቴ ፊት ተለዋወጠ።

«እባክሽ እህቴ፣ አታወድሻት» አለቻት። ነርሷ ግራ ተጋብታ እጇን በፋሻ መጠቅለሏን ቀጠለች። ቁስሉ ጥልቅ እንዳልሆነ፣ ግን በየሁለት ቀኑ መቀየር እንዳለበት ነገረችን፤ ሕመም ይሰማሻል ወይ ብላ ልጅቷን ጠየቀቻት። ልጅቷ አያመኝም አለች።

መተላለፊያው ላይ ቆሜ ለእህቴ ነገርኳት። ያን ነገር ያልኳት እኔ ነኝ አልኩ። እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ግን፣ «አንቺ በቃል ነገርሻት፤ እኔ ስድስት ሰዓት ሙሉ በየቀኑ ሳሳያት ነው የኖርኩት» አለችኝ። ከስድብ የበለጠ ነው ያመመኝ።

ቤት ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጋሼ ያገኘው እንቅልፍ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ተኛ አልነው፤ ጋደም ብሎ ጣሪያ ሲያይ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። እህቴ ዛሬ አትሂድ ብላ ለመነችው። አልችልም አላት፤ በዚህ ሳምንት የቀረ ሰው በማግስቱ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ያገኛል። ጫማውን ሲያስር አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«እሺ ሂድ» አለችው። «ግን አልተኛሁም በላቸው። ይህችን ብቻ በላቸው።»

ቀላል ነገር ይመስላል። ጋሼ እዚያ ማተሚያ ቤት በሠራባቸው ዘጠኝ ዓመታት ግን ይህን ቃል የተናገረ ቆራጭ የለም። ቢናገር ከማሽኑ ይነሳል፣ ጥቅል ማሰር ላይ ይመደባል፣ ማሽኑን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሞልቷል። ያ ጣቱን ያጣው ሰውዬ ራሱ ቀለም ሲቀባ መዋሉን ለማንም አልተናገረም ነበር። ጋሼ እሺ አለ። የጋሼን እሺ እናውቀዋለን፤ ክርክር ሲያስጠላው የሚላት ናት። ጥያቄ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ሊስማት ጎንበስ ሲል ሁለቱን እጆቹን ተራ በተራ አየቻቸው። 

ሌሊቱን አልተርከውም። እኔም እዚያው አድሬ ሁለታችንም አልተኛንም ብል ይበቃል። ልጅቷ ተኝታለች፤ እንቅልፍ ውስጥም ሆና ድምፅ አላወጣችም።

አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ፣ አልመጣም። ሰሞኑን የሚመጣው አራት ሰዓት እንደሆነ እናውቃለን፣ ግን የሚያውቀው አእምሯችን ነው። ሁለት ሰዓት ላይ እህቴ መስኮቱ ጋ ቆመች፤ ሦስት ሰዓትም እዚያው ነበረች። ሻይ አፈላሁ፣ ቀዘቀዘ። ልጆቹ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀምጠዋል፤ መጋረጃው ውስጥ ማንም ሳይኖር ሦስቱም ዝም ብለዋል። ተጫወቱ አልኳቸው፣ ሽማግሌው ቀኝ እጁን አወጣ። እጅህን አውርድና ተናገር አልኩት። አባዬ መቼ ነው የሚመጣው አለኝ፣ በሹክሹክታ።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ እህቴ ወደ በሩ ዞረች። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። «እሱ ነው» አለች። ኮቴውን ከሕንፃው ሰው ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች፤ ድካሙን ታውቃለች፣ ንዴቱን ታውቃለች። እጁን ግን ከኮቴው ማወቅ አትችልም። በሩ ጋ ደርሳ እጀታውን ማዞር አቃታት፤ እኔ ከፈትኩት።

ኋላ ሲነግረን፣ አልተኛሁም ብሎ ኃላፊውን ጠርቶ ነግሮታል። ኃላፊው ቆም ብሎ አይቶት፣ ሌላ ሰው ማሽኑ ላይ አስቀምጦ እሱን ጥቅል ማሰር ላይ መድቦታል። ለስንት ቀን እንደሆነ አልነገረውም። ይህን ሁሉ ግን በኋላ ነው የሰማነው፤ በሩ ሲከፈት ለማውራት ፋታ አልሰጠችንም።

ጥያቄ ከመሃላችን ሹልክ ብላ ደረሰችበት። ደህና አደርክ እንኳ አላለችውም። በደህናው እጇ ቀኝ እጁን ያዘችና አውራ ጣቱን ነክታ፣ «አንድ» አለች። ድምፅ አውጥታ ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ግራውን ያዘች። ጋሼ ቦርሳውን ደፉ ላይ ጥሎ ተንበረከከላት። አሥር ላይ ስትደርስ ተመልሳ ከአንድ ጀመረች፤ ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄዶ ደረጃው ሁሉ ይሰማል፤ እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ጆሮዋን ሰጥታ ታዳምጣለች፣ ዝም በይ አላለቻትም። ሁለተኛው አሥር አለቀ።

«እጄን ያመኛል» አለችና ማልቀስ ጀመረች።